የአቃቂው አሮጌ ሲኒማ አዳራሽ ይታደስ ወይስ ይፍረስ?

ድራማ ክበብ፦ ሰላም ጎረቤቶች። አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ ያለውን አሮጌ አዳራሽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጃንሆይ ጊዜ ሲኒማ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ እሱም ተወረሰና የቀበሌ አዳራሽ ሆነ። ከዚያ የእህል መጋዘን ተደረገ። አሁን ከተዘጋ ቆይቷል። ሰሞኑን ሁለት ሐሳብ ይሰማል። አንዱ ወገን ታድሶ ቴአትር፣ ሙዚቃ፣ ንባብና ፊልም የሚቀርብበት የሰፈር አዳራሽ ይሁን ይላል። ሌላው ፈርሶ፣ ከታች ሱቅ ከላይ ቢሮ ያለው ፎቅ ይቁምበት ይላል። ወረዳው ለስብሰባ ሳይጠራን እኛው እንከራከርበት።

እኔ ይታደስ ባይ ነኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ የድራማ ክበብ አስተባብራለሁ። ልጆቹ የሚለማመዱት ዴስክ ወደ ግድግዳ ገፍተው ነው። ቴአትር ቤት ገብተው የሚያውቁት በጣት ይቆጠራሉ። ብሔራዊ፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሁሉም መሃል ከተማ ናቸው። ቀላል ባቡሩ ከ2008 ጀምሮ ቃሊቲ ድረስ ይመጣል፣ እሰየው። ግን ከዚህ ቃሊቲ ታክሲ፣ ከዚያ ባቡር፣ የመግቢያ ትኬት፣ ላስቲክ ውስጥ የተቋጠረ ምሳ ቢኖርም እንኳ ለወላጅ ከባድ ነው። ሁለትና ሦስት ልጅ ያለው ደግሞ ጭራሽ አያስበውም።

የጣቢያ ልጅ፦ መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ያደግኩት እዚያው ጣቢያው ሥር ነው። አባቴ ባቡር ላይ ሠራ፣ እኔ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ ወጣሁ። አዳራሹን ሰው ሁሉ የሚያነሳው በሕንድ ፊልም ነው። በደርግ ጊዜ ግን የቀበሌው ኪነት የሚለማመደው እዚያ ነበር። ሰው ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ፣ መጥቶ ክራር ይቃኛል። ከዚያ ኪነት ወጥተው እስከ ዛሬ በሙዚቃ የሚተዳደሩ አሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የፊልም ማጫወቻዋ ክፍል ከኋላ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ወደ አዳራሹ የምታይባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሏት። በየቀዳዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የብረት መዝጊያ አለ። የድሮ ፊልም ክብሪት እንደነካው ይነድ ነበር። እሳት ከተነሳ አጫዋቹ መዝጊያውን ይለቀዋል፣ ነበልባሉ እዚያው ክፍል ይቀራል፣ ተመልካቹ በሰላም ይወጣል። መዝጊያው ዝጓል እንጂ አሁንም አለ። እንዲህ ያለውን ነገር በዶዘር አታንሱብን።

ቱሉ ዲምቱ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህ የእርስዎ ትዝታ ነው። እኛ በኮንዶሚኒየም ዕጣ ከየሰፈሩ ተሰብስበን የመጣን ሰዎች ያ ትዝታ የለንም። እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ የሚጫወቱት መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው። ልጅ ቁጭ ብሎ የሚያነብበት ቦታ በእግር በሚደረስበት ርቀት የለም። የሕዝብ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እነዚህ ይሠሩ። ቴአትር እወዳለሁ። ቅደም ተከተል ግን አለው።

ባለሱቅ፦ እህቴ ልክ ብላለች። እኔም በግልጽ ልናገር። ቦታው ዋና መንገድ ዳር ነው፣ በሊዝ ቢወጣ ዋጋ ያወጣል። ከተማው ገቢ ያገኛል፣ ወጣቱ ሥራ ያገኛል። ቴአትር አሁን ማን ያያል? ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ከመጣ ጊዜ ጀምሮ ሰው ማታ ማታ ከሶፋው አይነሳም። የቀረውን ዩቲዩብ ወሰደው። በየመንደሩ የነበሩት ቪዲዮ ቤቶች የት ደረሱ? ተዘግተው ምግብ ቤትና ፑል ቤት ሆኑ። ይህ አዳራሽም ታድሶ በዓመቱ ይዘጋል። ያኔ ገንዘቡም ቦታውም የለም።

አማተሩ፦ ወንድሜ፣ ቪዲዮ ቤት የተዘጋው ሰው ቤቱ የሚያየውን ያንኑ ስለሚያሳይ ነው። ጎረቤትህ ልጅ መድረክ ላይ ቆማ ስትጫወት ግን ዩቲዩብ ላይ አታገኛትም። የእኛ ቡድን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሠራል። ባለፈው በትምህርት ቤት ግቢ፣ ሜዳ ላይ ስናሳይ ሰው ቆሞ ነው ያየን። ፀሐይ ነበር። አያቶች ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። ማንም ተነስቶ አልሄደም። ተመልካች የለም የምትለው ነገር ከዚህ ሰፈር ጋር አይገናኝም። የጠፋው አዳራሹ ነው።

ወንዝ ማዶ፦ አንድ ጥያቄ። ይህ ሕንፃ ጣልያን የሠራው ነው ይባላል። እውነት ከሆነ የወራሪን አሻራ የምናድሰው ለምንድነው?

ድራማ ክበብ፦ ማን እንደሠራው የሚያሳይ ሰነድ እስካሁን በእጃችን የለም። ግን ነው እንበል። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም በወረራው ጊዜ በጣልያኖች ለሲኒማ ተብሎ የተጀመረ ሕንፃ ነው። ከነፃነት በኋላ ተጠናቅቆ በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ በሩ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ እዚያ መድረክ ላይ የቆሙት የእኛ ሰዎች ናቸው። አስመራም ብንሄድ ሲኒማ ኢምፔሮ በጣልያን ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን በ1937 ነው የተሠራው። ከተማዋ በዓለም ቅርስነት፣ እንደ አውሮፓውያን በ2017፣ ስትመዘገብ ማንም የፋሺስት ሐውልት አቆማችሁ አላላቸውም። ግድግዳውን የገነቡትም ድንጋይ የጠረቡትም የአገሬው ሰዎች ናቸው።

ግንበኛው፦ ሕንፃውን ዞር ብዬ አይቸዋለሁ። የሙያዬን ልናገር።

ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ ነው፣ በመካከሉ ጭቃ አለው፣ ልስኑ ኖራ ነው። ይህ ዓይነት ግድግዳ እርጥበት ይገባበታል፣ ይወጣለታል። ችግሩ በመጋዘንነቱ ጊዜ አንድ ሰው የታችኛውን ክፍል በሲሚንቶ ለስኖታል። ሲሚንቶ ውሃውን ውስጥ ያፍነዋል። ስለዚህ ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ ያበጠው፣ ጨው ያወጣው፣ በእጅ ሲነካ የሚረግፈው በእርጅና አይደለም። ሲሚንቶው ተነስቶ በኖራ ቢለሰን ግድግዳው ይድናል። ኖራ ውድ አይደለም። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፣ ቶሎ አይደርቅም። ጨረታ ያሸነፈ ተቋራጭ በሦስት ቀን በሲሚንቶ ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል። ውሉ ላይ ኖራ ተብሎ ካልተጻፈ አለቀ።

ጣሪያው የባሕር ዛፍ ነው፣ ሁለት ቦታ ምስጥ በልቶታል። ቆርቆሮው ተቦድሷል፣ አሸንዳው ወድቋል። ውሃው የሚወርደው ቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው። እና ሁሉም ሰው የሚረሳው ነገር አለ። በክረምት ቆርቆሮ ሥር ቴአትር አይሰማም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ተዋናይ ቢጮህም የሚሰማው የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ኮርኒስ የግድ ነው፣ ከላዩም ድምፅ የሚያፍን ነገር ይነጠፍበታል። ሁለተኛ መውጫ በርም ያስፈልጋል። አሁን ያለው አንድ ብቻ ነው፣ ያም ወደ ውስጥ ነው የሚከፈት። ሰው ሲሯሯጥ በሩ ራሱ ይቆለፋል።

ሌላው ሕግ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል። ሕንፃው ተመዝግቦ እንደሆነ ስብሰባው ሳይደርስ ይጠየቅ። ከተመዘገበ የማፍረሱ ወሬ እዚያው ያበቃል። ካልተመዘገበ ይመዝገብ የሚል ማመልከቻ እናስገባ።

እትዬ ቡና፦ ልጆች፣ እኔ እኮ እዚያ አዳራሽ በር ላይ ጀበና ይዤ ቁጭ ካልኩ ዘመን አልፎታል። ሁላችሁም ስለ ውስጡ ታወራላችሁ። በሩ ላይ ያለነውንስ? ቡና የምናፈላ አለን፣ ቆሎ የምትሸጥ አለች፣ ሊስትሮ ልጆች አሉ። አንድ ነገር ታደሰ ሲባል መጀመሪያ የሚታጠረው በቆርቆሮ ነው፣ መጀመሪያ የሚነሳው እኛ ነን። ሲያልቅ ደግሞ ሣር ይተከልና መቀመጥ ክልክል ይባላል። ፎቁም ቢሠራ ያው ነው። ይታደስ ትላላችሁ፣ እኔም ይታደስ እላለሁ፣ ፊልም ያየሁበት ነው። እኔ የት እንደምሆን ግን ወረቀት ላይ ይጻፍልኝ።

ድራማ ክበብ፦ እትዬ፣ ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ፊት መነሳት የነበረበት ነው። ተመልካች በእረፍት ሰዓት ቡና ይጠጣል። የአዳራሹ የቡና ቦታ በሩ ላይ ለነበሩት ይሰጥ የሚል አንቀጽ በማመልከቻው ላይ እናስገባለን።

ባለሱቅ፦ እሺ፣ አንድ መንገድ ልጠቁም። ካደሳችሁት ለሠርግ አከራዩት። ገቢ አለው። በዚህ ዙሪያ የሠርግ አዳራሽ ፍለጋ ሰው እስከ ሳሪስ ይሄዳል።

አማተሩ፦ ሠርግ ቅዳሜና እሁድ ነው። ቴአትርም ቅዳሜና እሁድ ነው። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ሠርገኛ ወረፋ ይዞ ይቆማል። ገንዘብ ያለው እሱ ስለሆነ እኛ እንገፋለን። በሁለት ዓመት ውስጥ መድረኩ የሙሽራ ሶፋ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል።

ድራማ ክበብ፦ ካላንደሩን ከጅምሩ ካላሰርነው አዎ። ግን ልብ በሉ፣ በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም። ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ከኅዳር 15 እስከ ገና ያለው የነቢያት ጾምም አለ። እነዚህ ወቅቶች ሙሉ በሙሉ የቴአትርና የንባብ ይሁኑ። በቀሪው ጊዜ ከወሩ ቅዳሜዎች ሁለቱ ለኪራይ፣ ሁለቱ ለጥበብ። እሁድ ከሰዓት አይነካ። ይህ በመተዳደሪያ ደንብ ከገባ ገንዘብ ያለው ሁሉ አይገፋንም። የሠርጉ ኪራይ የመብራቱን ይከፍላል።

ቱሉ ዲምቱ፦ ደንቡን የሚያስከብረው ማን ነው? ጥያቄዬ ይሄ ነው። ለማደስ ሰው ይዋጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ በየወሩ የመብራት፣ የዘበኛ፣ የፅዳት ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ነዳጅ ይጠጣል። ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን ካልታወቀ እኔ ሳንቲም አላዋጣም። ተሠርቶ የተቆለፈ ነገር በዓይናችን አይተናል።

የጣቢያ ልጅ፦ ልጄ፣ ስለ ቁልፍ ካነሳሽ እድራችንን ተመልከቺ። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ብረት ድስት አለን። ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ፣ ምን ሰበረ፣ ደብተር ላይ አለ። ወንበር የሰበረ ይከፍላል። ሊቀመንበር በምርጫ ይወርዳል። ይህን ያህል ዘመን ንብረት ያስተዳደረ ሕዝብ አንድ አዳራሽ ያቅተዋል?

ሀገር ፍቅርንም አስቢ። በ1927 ጣልያን ሊወረን ሲያሰፈስፍ፣ በእነ መኮንን ሀብተ ወልድ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር ነበር። ቴአትር ቤቱ ከማኅበሩ ነው የወጣው። መጀመሪያ ሰው ተሰበሰበ፣ ቤቱ ተከተለ።

ግንበኛው፦ በሕግም ይቻላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ለዓላማው ማስፈጸሚያ የሚሆን ገቢ በሥራ ማግኘት እንዲችል ይፈቅዳል። ትርፉ ለአባላት አይከፋፈልም፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሕንፃው የመንግሥት እንደሆነ ይቆይ፣ የሰፈሩ ሰው ማኅበር አቋቁሞ በውል ይረከበው። ውሉ ግን ረጅም መሆን አለበት። ለአንድ ዓመት በተሰጠ ቤት ላይ ኖራ የሚለስን የለም።

ቱሉ ዲምቱ፦ እንዲህ ከሆነ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ጠዋት ጠዋትና ከትምህርት በኋላ አዳራሹ ባዶ ስለሚሆን የልጆች ማንበቢያ ይሁን። ጠረጴዛና መደርደሪያ ተገፍቶ ጥግ የሚይዝ ዓይነት ይሠራ። ሁለተኛ፣ በማኅበሩ ቦርድ ላይ ከኮንዶሚኒየሙ ቢያንስ ሁለት ሰው ይግባ፣ አንዷ እናት ትሁን። እነዚህ ሳይጻፉ ድምፄን አልሰጥም። ከተጻፉ ግን ከጎናችሁ ነኝ።

አማተሩ፦ የልጆቹን ንባብ እኛ በተራ እንመራለን። በሁለቱም ቋንቋ።

የጣቢያ ልጅ፦ ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ግንበኛው ያለውን አንብባችሁት አለፋችሁ። ውሃው አሁን ግድግዳው ላይ ነው የሚወርደው። ስብሰባ፣ ምዝገባ፣ ውል እያልን ሰኔ ከገባ የጣቢያው በኩል ያለው ግድግዳ ይህን ክረምት አያልፍም። ከወረዳው ፈቃድ ተጠይቆ ጣሪያው በሸራ ይሸፈን፣ አሸንዳው ይመለስ። ይህ ለማፍረስም ለማደስም የሚያዳላ አይደለም።

ባለሱቅ፦ ጋሼ፣ ሸራውን አልቃወምም። የድርሻዬን አዋጣለሁ። ስብሰባው ላይ ግን ፎቅ ይሠራ ማለቴን አልተውም። ገቢና ወጪያችሁን በወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ እዚያ እንተያያለን።

ድራማ ክበብ፦ ይዘን እንመጣለን። ለሸራው የሚያዋጣ ስሙን ለእድሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ።