ጥቆማ፦ ለቻይናዊት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የእንግሊዝኛ ንባብ የሚያሻሽል ምን አለ? ጓንዡ ያላችሁ

ቡና በጀበና (ጠያቂዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ቻይናዊ ነው። የእህቱ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ለኛ ስለሚቀርብ የምታድረው እኛ ጋ ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ፣ አስጠኛት» ብሎ ፈረደብኝ።

ችግሯ ቃል አይደለም። «3,500ው ቃል» የሚሉትን ደብተር ከዳር እስከ ዳር ሸምድዳዋለች። ቃል ብጠራባት ቻይንኛውን ወዲያው ትለዋለች። አንቀጽ ስሰጣት ግን ምን እንዳነበበች አታውቀውም። ጋኦካኦ (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናቸው) ላይ ደግሞ ንባብ ብቻውን 50 ነጥብ አለው፤ 20 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ 2.5። ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባሉትን ምንባቦች እንደምንም ትገፋቸዋለች። ዲ ላይ ስትደርስ ግምት ነው።

የማስጠኛ ማዕከል ላስገባት? ያ ጽሑፍ ላይ ሲያልፉበት የሚተረጉመው የመዝገበ ቃላት እስክሪብቶ ይሻላል? ወይስ ዝም ብዬ መጽሐፍ ልግዛላት? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ፎሻን ያለሁት
ማዕከል በሩ እንዳትደርሺ! ለሚስቴ ታናሽ ወንድም የ60 ሰዓት ቀድሜ ከፈልኩ። 9,600 ዩዋን። አንዴ ከተከፈለ ቅናሽ አለው ተባልኩ። አስተማሪው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ምንባቡን ወደ ቻይንኛ ተርጉሞ ያነብላቸዋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። አለቀ። 11 ሰዓት እንደተማረ አንድ ቅዳሜ ብንሄድ በሩ ተቆልፎ መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የዊቻት ግሩፑም በዚያው ቀን ፈረሰ። 49 ሰዓት ቀልጦ ቀረ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ጣጣ አልፈልግም።

ዕቃ ጫኙ
እኔን የበላኝ ጂም ነው።

ሻዎቤይ ሰፈር
እኔን ፀጉር ቤት። የ10 ጊዜ ካርድ ገዛሁ፣ ሁለቴ ተቆረጥኩ።

ትርፍ ሰዓት
ፎሻን ያለኸው፣ 12315 ደውለህ ነበር? የሸማቾች ቅሬታ እዚያ ነው።

ፎሻን ያለሁት
ውል ሳልፈርም ምን ይዤ ልደውል? ሞኝ ነበርኩ፣ አሁንም ሲነሳ ይነደኛል።

የቆየ ሰው
ይሄ ጣጣ የበዛው ከ2021 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ መንግሥት እስከ 9ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን መደበኛ ትምህርት እያስጠኑ ማትረፍን ከለከለ። ብዙው ማዕከል ተዘጋ። ኒው ኦሪየንታልን የሚያህል ትልቅ የማስጠኛ ድርጅት እንኳ በኦንላይን ቀጥታ ስርጭት የግብርና ምርት ወደ መሸጥ ገባ። የእንግሊዝኛ አስተማሪዎቹ ዕቃ እየሸጡ በመሃል ቃል ያስተምሩ ነበር፤ ሰው በጣም ወደዳቸው።

ሻዎቤይ ሰፈር
እንግዲያው ለልጅቷ ከነሱ በቆሎ ይግዙላት። ንባቡ ተመርቆ ይመጣል።

ፒያሳ ልጅ
ለጀማሪ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት አሪፍ ነው። እኔ ቻይንኛ የጀመርኩት እዚያ ነው።

ሻዎቤይ ሰፈር
ወንድሜ ጥያቄውን አንብበኸዋል? የንባብ ችግር ያለባት ልጅቷ ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

ቨርጂኒያ እናት
የኔ ቆንጆ፣ ለምን ትቸገሪያለሽ? ቢቢሲ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ያዘጋጀው ገጽ አለ፤ ነፃ ነው። የኔ ልጆች እሱን ነው የሚያዩት።

ቡና በጀበና
እቴቴ አመሰግናለሁ። እዚህ ግን ቢቢሲ ያለ ቪፒኤን አይከፈትም።

ሕግ አዋቂው
ተጠንቀቂ። በቤተሰብ ቪዛ ገብቶ ደሞዝ እየተቀበሉ መሥራት አይፈቀድም።

የቆየ ሰው
የባሏ እህት ልጅ ናት እኮ! ማን ነው ደሞዝ የሚከፍላት? ጎመን እየከተፈች ነው የምታስጠናት።

ታማኝ ደንበኛ
እኔ የምመክርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእኛ ፎቅ ስር አንዲት አዪ (እዚህ አክስት እንደማለት ነው) ሱቅ አላት። እስክሪብቶውም መልመጃውም አላት። «ዉሳን» የሚሉት የአምስት ዓመት ጋኦካኦና የሦስት ዓመት ሞዴል ያለበትም አለ። እሷ የሰጠችሽን ውሰጂ። ለልጄ እስክሪብቶውን የመረጠችለት እሷ ናት።

ትርፍ ሰዓት
ልጅህ ንባብ ላይ ለውጥ አመጣ?

ታማኝ ደንበኛ
ገና ሁለተኛ ክፍል ነው። ግን አዪዋ ሰው ታውቃለች። ዣንጥላ ረስቼ እንኳ ሳምንት ሙሉ አስቀምጣልኛለች።

ዕቃ ጫኙ
እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ኢትዮጵያዊት ናትና እንግሊዝኛ ታስጠናለች ብለው? በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና እኮ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር።

ሻዎቤይ ሰፈር
አንተስ ከየትኞቹ ነህ?

ዕቃ ጫኙ
ከ96.7ቱ። ስሜን አላየኸውም?

ትርፍ ሰዓት
ወደ ጥያቄው ልመለስ። እዚሁ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቃል ሁሉ ኖሯት ዓረፍተ ነገር የሚጠፋባት ልጅ በሽ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጥላቸው ገላጩ ሐረግ ነው። እንግሊዝኛ ስሙን ያስቀድምና ገላጩን ከኋላ ይጎትታል፤ «ዘ ማን ሁ ሶልድ ሚ ዘ ባይክ ሌፍት» ይላል። ቻይንኛ ገላጩን ከፊት ያደርግና «ደ» ብሎ ከስሙ ጋር ያጣብቀዋል። አሁን አማርኛውን በዪ። «ብስክሌቱን የሸጠልኝ ሰውዬ ሄደ።» አየሽ? እኛም ገላጩን ከፊት ነው የምናመጣው! ስለዚህ ከአሜሪካዊ አስተማሪ ይልቅ ችግሯ ላንቺ ይገባሻል። እሷ «ባይክ» እና «ሌፍት» ጎን ለጎን ስላሉ ብስክሌቱ የሄደ ይመስላታል። ዲ ምንባብ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ሦስት መስመር ይሄዳል።

ሂ እና ሺንም ያምታታሉ፤ ሲነገር ሁለቱም «ታ» ናቸው። ግን ይሄ የሚብሰው ሲያወሩ ነው፤ ሲጻፍ ፊደሉ ይለያል።

እኔ ብሆን ማታ ማታ አንድ አንቀጽ ብቻ እሰጣታለሁ። ስልክ የለም፣ መዝገበ ቃላት የለም። በየዓረፍተ ነገሩ ዋናውን ባለቤትና ዋናውን ግሥ ታስምርባቸው። ማን ምን አደረገ፣ በቃ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ለባለቤትሽ በቻይንኛ ታውራለት። ቃል በቃል ከተረጎመችለት አልገባትም። እንደ ሐሜት ካወራችው ገብቷታል።

እስክሪብቶው ክፉ አይደለም፤ አነባበቡን ያሰማል። ግን የሚሰጣት ቃል ነው፣ ቃል ደግሞ ሞልቷታል። ሙሉ መስመር ካስኬደችበት ዓረፍተ ነገሩን በቻይንኛ ያወጣላታል፤ ያኔ ያነበበው እስክሪብቶው ነው። ዉሳን ለመጨረሻው ዓመት ይቆይ። ከውስጡም ሞዴሉን ትተሽ በእውነት የተፈተኑበትን አሠሪያት። ሞዴሉ ላይ አንዳንዴ መልሱ ራሱ ያከራክራል።

መጽሐፍ ከመግዛትሽ በፊት ዙጂያንግ ኒው ታውን ያለው የጓንዡ ቤተ መጻሕፍት ውሰጃት። በደረጃ የተከፋፈሉትን ቀጫጭን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ፈልጊ። በአንድ ገጽ ከሦስት ቃል በላይ ካስቸገራት ደረጃውን ዝቅ አድርጊ። «የሕፃን ነው» ብላ ታፍራለች፣ ሽፋኑን በወረቀት ጠቅልይላት። ከዚያ ስትወጣ ቻይና ዴይሊ ለተማሪዎች የሚያወጣው ሳምንታዊ ጋዜጣ አለ፤ በክፍል በክፍል ነው የተዘጋጀው።

ታማኝ ደንበኛ
ይሄ ሁሉ አዪዋ ጋ አለ።

ሻዎቤይ ሰፈር
ቤተ መጻሕፍቱም?

ፎሻን ያለሁት
ትርፍ ሰዓት፣ የኔውንም ልጅ ትይዝልኝ ነበር? ቀድሜ ግን አልከፍልም።

ቡና በጀበና
ተባረኩ ሁላችሁም። የብስክሌቱን ዓረፍተ ነገር ማታ ሰጠኋት። ትንሽ አየችውና «ብስክሌቱ ራሱ ሄደ?» አለች። ባለቤቴ ሳቀባት። እሱን ስጠይቀው እሱም ብስክሌቱ ነው አለ!

በነገራችን ላይ በዚህ ሳምንት ከአዲስ የሚመጣ ሰው አለ? በርበሬ አልቆብኛል።

የቆየ ሰው
ሐሙስ የምትመጣ እህት አለችኝ። ስንት ኪሎ?

ታማኝ ደንበኛ
አዪዋ ጋ በርበሬም አለ። የሲቹዋን ነው ግን።

ትርፍ ሰዓት
ልጅቷስ? መጽሐፉን ነው እስክሪብቶውን የያዝሽላት?

ቡና በጀበና
ሁለት ኪሎ። ግማሽ ኪሎ ሚጥሚጣም ትጨምርበት።