ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር በቆርቆሮ ቤት፦ የባሕር ዳርን ሙቀት እንዴት ልቻለው?

የሽምብጡ ጡረተኛ

እንደምን ዋላችሁ። የ63 ዓመት ጡረተኛ መምህር ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። የእህቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር፣ በሚግሉ የብርጭቆ ቲዩቦች ድምፅ የሚያጎላውን፣ አመጣልኝ። ኢኤል 34 የሚባሉ አራት ትልልቅ ቲዩቦች ተደርድረው ይታያሉ፣ ከፊታቸው ትንንሾቹ አሉ። ሸክላዎቼን በእሱ ከሰማሁ ወዲህ ሌላው አያረካኝም። በተለይ በገና። ከአውታሩ ሥር ያለው ቆዳ፣ እንዝራው፣ ሲነዝር ያ ንብ የመሰለ ድምፅ ከአጠገቤ ሰው ተቀምጦ የሚደረድር ያስመስለዋል።

ችግሩ በገና የምሰማበት ሁዳዴና የከተማችን ሙቀት አብረው መምጣታቸው ነው። ቤቴ የቆርቆሮ ክዳን ነው፣ ኮርኒሱም ስስ ነው። ኤሲ የለኝም፣ የማስገባት አቅሙም የለኝም። ባለፈው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎኑ 31 ዲግሪ ነበር። ሁለት ሰዓት ከሰማሁ በኋላ 34 ደረሰ። ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣበቀ።

እሱስ ይቻላል። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። አንድ ማታ እየሰማሁ መብራት ሄደ። ማብሪያውን ሳላጠፋ ተኛሁ። ባለቤቴ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ፣ አቧራ እንዳይገባው ብላ ዳንቴል አለበሰችው። ያስቀመጥኩት ብፌው ውስጥ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። የቀሰቀሰኝ የሚያር ጨርቅ ሽታ ነው። ዳንቴሉን ሳነሳው መሃሉ ላይ አራት ቡናማ ክቦች ወጥተውበታል። የሁለቱ ጠርዝ ጠቁሯል። እናቷ በእጃቸው የሠሩላት ዳንቴል ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ አልከፈትኩትም።

እስከ ክረምት ላስቀምጠው? ወይስ ይህን ነገር በቆርቆሮ ቤት ይዞ የሚኖርበት ዘዴ አለ?

ጠጋኙ ከማርቆስ

ጋሼ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ። ደብረ ማርቆስ ራዲዮና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ። እኛ ጋ ብርድ ስለሆነ በሐምሌ ባለ ቲዩቡን እንደ ምድጃ ነው የምንከበው። የእርስዎ ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርዎት። አንድ ኢኤል 34 ውስጡን ለማጋል ብቻ በ6.3 ቮልት 1.5 አምፔር ይወስዳል። ወደ 9.5 ዋት ነው። አራቱ 38 ዋት ሆኑ ማለት ነው፣ ገና ሙዚቃ ሳይጀመር። ሌላው ሲደመር እንደ አሠራሩ ከ100 ዋት በላይ ይደርሳል። ሁለት ትልልቅ የድሮ አምፖል ሳሎን ውስጥ እንደማብራት ነው። ድምፁን ቢቀንሱት ሙቀቱ ብዙም አይቀንስም። ዝም ብሎ ሲቀመጥም ይግላል።

ግን 34 ዲግሪውን ሁሉ በእሱ አያሳብቡ። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ወደ 1000 ዋት ትጥላለች። በዘጠኝ ሰዓት ቤትዎን የሚያግለው ክዳኑ ነው። ስለዚህ የሚሰሙበትን ሰዓት ይለውጡ።

ቲዩቦቹ በክፍሉ ሙቀት አይጎዱም። የብርጭቋቸው ሙቀት ራሱ ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ለዚያ ነው የተሠሩት። የሚጎዳው ከሥር ያለው ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ነው። በእኛ ሙያ፣ ካፓሲተር 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል እንላለን። ብፌ ውስጥ ማስቀመጥ እሱን ቀስ በቀስ መቀቀል ነው። ባሕር ዳር ደግሞ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ስለሚሳሳ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙም ያንሳል። ዛሬውኑ ያውጡት። ከላዩ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ክፍት ይሁን። ከሥሩ ያሉትን ቀዳዳዎችም ጨርቅ አይዝጋቸው።

የኮምፒውተር ፋን ይፈልጉ፣ ባለ 12 ሴንቲሜትሩን። 12 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ እርስዎ ግን በ7 ቮልት ያሽከርክሩት። ድምፁ አይሰማም። ከጎን ሆኖ አየሩን ቀስ ብሎ ይግፋው።

ጨለማ ውስጥም ይዩት። መሃሉ ላይ ብርቱካንማ ፍም መታየቱ ጤና ነው። ጠቆር ያለው ሰፊ ብረት ራሱ ከቀላ ግን ወዲያው ያጥፉና ባያሱን፣ ማለትም በቲዩቡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ መጠን የሚወስነውን፣ የሚያውቅ ሰው ያስተካክልልዎት። እርስዎ እንዳይከፍቱት። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፣ ሶኬቱን ይንቀሉ። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ዘሎ ነው የሚመጣው።

ከቡሬ

ጋሼ፣ ቢሸጡትስ? አሁን ትንንሾቹ ዲጂታል አምፕሊፋየሮች እጅ አይፈጁም፣ መብራትም አይበሉም። ቤትዎ ከሚቃጠል ይሻላል።

የፍኖተ ሰላሟ

ጋሼ፣ ባለቤቴ እንደርስዎ ነው። ከእሱ ጋር ስምንት የሙቀት ወቅት አሳልፌያለሁ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ዳር አታንስም።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። ቀን መስኮትና መጋረጃ ዘግተን እንውላለን። ፀሐይ ስትጠልቅ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት መስኮቶች እንከፍታለን። ለቢምቢው ወንፊት አስመትተናል። አምፕሊፋየሩ አየሩ በሚወጣበት መስኮት አጠገብ ነው ያለው። ሙቀቱ ክፍሉን ሳይዞር ይወጣል። ቡና የሚፈላ ቀን ከሰሉ በረንዳ ላይ ነው። ሁለቱን ባንድ ክፍል አንችልም።

ልጄ ገና መራመድ ስትጀምር እጇን ሰድዳ አንዱን ብርጭቆ ነካችው። ጣቷ ላይ ውኃ ቋጠረ። ከዚያ ወዲህ ብየዳ ቤት የሽቦ ቆብ አሠራንለት፣ አየር የሚያሳልፍ። የልጅ ልጅ የሚመጣብዎ ከሆነ ይህን አይርሱ።

ባለቤትዎንም አይቆጧቸው። እኔም አቧራውን ሳይ እጄን ይበላኛል። አቧራው ሲቀመጥበት ያሳዝናል። ሲቀዘቅዝ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ነው የማራግፈው።

የሽምብጡ ጡረተኛ

ሁላችሁም ተባረኩ። የቡሬው ልጄ፣ አሳቢነትህ ገብቶኛል፣ ግን አልሸጠውም። ይህን ድምፅ ሰምቼ አልጠገብኩም።

ሁለት ሳምንት ሞከርኩት። ከብፌው አውጥቼ በሐይቁ በኩል ባለው መስኮት ሥር፣ ብረት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ፋኑን ከተበላሸ ኮምፒውተር አገኘሁ። ጨለማ ውስጥም አየሁት፣ አንዱም ብረት አልቀላም። እህቴ፣ የሽቦ ቆቡን ብየዳ ቤት አዝዣለሁ። ከሶኬቱ አጠገብ ምስማር መታሁ። ሰምቼ ስጨርስ የነቀልኩትን ገመድ እዚያ እሰቅለዋለሁ። ባለቤቴ ገመዱ ተሰቅሎ ካላየች አትተኛም።

ዳንቴሉን አጥባዋለች፣ ክቦቹ ግን አልለቀቁም። አሁን ሸክላ ማጫወቻው ሥር አነጠፈችው።

ትናንት ማታ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት በገና ሰማን። ሳሎኑ ከ27 ወደ 28 ብቻ ነው የጨመረው።