ክርክር፦ በታይዋን ሰርጥ የሚመላለሱ የጦር መርከቦች ጦርነት ያስቀራሉ ወይስ ያመጣሉ?

አወያዩ፦
አሜሪካም ቻይናም ኑክሌር ታጥቀዋል። አሜሪካ የጦር መርከቦቿን በታይዋን ሰርጥ፣ ቻይናንና ታይዋንን በሚለየው ባሕር ታሳልፋለች፤ ዓለም አቀፍ ውኃ ነው ባይ ናት። ቻይና ታይዋን ግዛቴ ናት ብላ በደሴቲቱ ዙሪያ የጦር ልምምድ ታደርጋለች። ይህ ጉልበት ማሳየት ጦርነትን ያርቃል ወይስ ያቀርባል? ሐሳባችሁን አምጡ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እንጻፍ፣ እንዳንምታታ።

የኖርፎክ ነዋሪ፦
ያርቃል እንጂ! በ1996 ታይዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንቷን በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ልትመርጥ ስትል፣ ቻይና በኪሉንግና በካዎሲዩንግ ወደቦች አቅራቢያ ሚሳኤል ተኮሰች። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን ኢንዲፔንደንስንና ኒሚትዝን፣ ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን ከነአጃቢዎቻቸው አሰማሩ። ማርች 23 ቀን ምርጫው ተካሄደ፤ ጦርነትም አልተነሳ። ታናሽ ወንድሜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ ነው፤ ጦርነትን ቀለል አድርጌ የማይ ሰው አይደለሁም።

የታሪክ መምህር፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን መሀል መንገድ ላይ አቆምከው። ቤጂንግ ከዚያ በኋላ ምን አደረገች? በ1996 አንድም አውሮፕላን ተሸካሚ ያልነበራት አገር ናት። በ1998 ከዩክሬን ግንባታው ያላለቀ መርከብ ተገዛ፤ በ2012 ሊያኦኒንግ ተብሎ ባሕር ኃይሉን ተቀላቀለ። ዛሬ ሦስት አላት፤ በመርከብ ብዛትም የዓለም ትልቁ ባሕር ኃይል የእርሷ ነው። የዚያን ጊዜው ሽንፈት ውስጧ ገብቶ ነው የሠራችው።

የኖርፎክ ነዋሪ፦
መምህር፣ ኢኮኖሚዋ እንደዚያ ሲያድግ እኮ ያለ 1996ም ትሠራው ነበር።

አዲስ ገቢ፦
ለምን እንጨነቃለን? ኑክሌር ያለው ኑክሌር ካለው ጋር አይዋጋም። እስካሁን መች ተዋጉ?

የታሪክ መምህር፦
ተዋግተዋል። በ1969 ሶቭየትና ቻይና ኡሱሪ ወንዝ ላይ ተታኩሰዋል፤ በ1999 ሕንድና ፓኪስታን ካርጊል ተራራ ላይ ወታደሮቻቸውን ቀብረዋል። ግን እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው።

ኦክቶበር 27 ቀን 1962፣ በኩባ አቅራቢያ። ቢ-59 የምትባል የሶቭየት ሰርጓጅ መርከብ ውኃ ውስጥ ተደብቃለች። የአሜሪካ መርከቦች «ውጪ» ለማለት የልምምድ ፈንጂ ከላይ ይጥሉባታል። ዋሽንግተን የምልክቱን ትርጉም ለሞስኮ ልካ ነበር፤ ታች ላሉት ግን አልደረሳቸውም። ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል፤ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከሞስኮ ጋር ግንኙነት የለም። አንድ ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) ኑክሌር የተገጠመለት መሆኑን ከላይ ያሉት አሜሪካውያን አያውቁም። በመርከቧ ከነበሩት አንዱ ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ አዛዡ ሳቪትስኪ «ከላይ ጦርነት ተጀምሯል» ብሎ ቶርፔዶው እንዲዘጋጅ አዘዘ። ያረጋጋው አርኪፖቭ የሚባል መኮንን ነው፤ በአጋጣሚ በዚያች መርከብ ተሳፍሮ ነበር። ሌላ መርከብ ቢመደብስ ኖሮ? የዓለም ሰላም በአንድ ሰው ትዕግሥት ላይ የቆመበት ሌሊት ነው።

መርከበኛው፦
የመርከብ መሐንዲስ ነኝ፤ ባሕር ዳር ሠልጥኜ በንግድ መርከቦች ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። የማወራው ከሞተር ክፍል ነው። መርከብ ፍሬን የለውም። ከላይ «ሙሉ ወደ ኋላ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ እኛ ታች መጀመሪያ ነዳጁን እንዘጋለን፤ ሞተሩ እስኪቆም እንጠብቃለን፤ ከዚያ በታመቀ አየር በተቃራኒው እናስነሳዋለን። እስከዚያ መርከቡ ወደፊት እየነጎደ ነው። ወለሉ ከእግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ይወድቃል፣ መርከቡ ግን አይቆምም። የተጫነ ትልቅ መርከብ እስኪቆም ኪሎ ሜትሮች ይበላል።

የጦር መርከብ ከእኛ በብዙ ይፈጥናል፣ ቶሎም ይታዘዛል። ቢሆንም ጁን 3 ቀን 2023ን ተመልከቱ። ቹንግ-ሁን የተባለው የአሜሪካ ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) ከካናዳው የጦር መርከብ ሞንትሪያል ጋር በታይዋን ሰርጥ ሲያልፍ አንድ የቻይና ዲስትሮየር ከፊቱ ቆርጦት አለፈ። በመካከላቸው 137 ሜትር ያህል ነበር። ቹንግ-ሁን ራሱ 155 ሜትር ይረዝማል! ግጭት እንዳይፈጠር ፍጥነቱን ወደ 10 ኖት (በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር ያህል) ዝቅ አደረገ። በ10 ኖት 137 ሜትር ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ሃያ ሰባት። በሃያ ሰባት ሰከንድ ውስጥ ፕሬዚዳንት የሚወስነው ነገር የለም፤ የሚወስነው መሪው ላይ የቆመው ልጅ ነው።

ደግሞ በዚያን ሰሞን ቢጋጩ ኖሮ ስልክ የሚነሳበት ጊዜ አልነበረም። በኦገስት 2022 የያኔዋ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ፔሎሲ ታይዋንን ስትጎበኝ ቻይና በከፍተኛ የጦር አዛዦች መካከል የነበረውን ግንኙነት አቋረጠች፤ የተመለሰው ባይደንና ሺ ካሊፎርኒያ ላይ ሲገናኙ፣ በኖቬምበር 2023 ነው። እኔ የምቃወመው መርከብ መላኩን ሳይሆን ስልክ ተዘግቶ መርከብ መላኩን ነው።

የጅቡቲ መንገድ ሹፌር፦
የሩቅ አገር ጉዳይ አድርጋችሁ አታውሩት። ጅቡቲ ላይ የአሜሪካው ካምፕ ሌሞኒየር አለ፤ የቻይናው የጦር ሰፈር ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ዶራሌ ወደብ አጠገብ ነው። በመኪና ትንሽ መንገድ ነው። በ2018 አሜሪካ ከዚያ በኩል ሌዘር በአብራሪዎቼ ላይ ተበራ፣ የሁለቱ ዓይን ተጎዳ ብላ ከሰሰች፤ ቻይና አላደረግሁም አለች። እኔ ከዚያው ወደብ ማዳበሪያ ጭኜ ነው የምወጣው። የአገራችን ገቢ ዕቃ አብዛኛው በዚያ በር ነው የሚገባው። እነዚህ ሁለቱ ታይዋን ላይ ቢጋጩ እዚህ ጎረቤት ሆነው ዝም ብለው የሚተያዩ ይመስላችኋል? ገበሬው ክረምት ሲገባ ማን ይደርስለታል?

የኖርፎክ ነዋሪ፦
የሃያ ሰባት ሰከንዷን ነገር ሳነብ ወንድሜ ነው ፊቴ የመጣው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። መርከበኛው ያለውን ግን እንዴት እንቀበለው? ስልክ ሲዘጋ መርከብ አይሂድ ካልን፣ ቤጂንግ መርከቦቹን ለማስቀረት ስልኩን መዝጋት ብቻ ይበቃታል ማለት ነው። ቁልፉን ለእርሷ ሰጠናት።

የታሪክ መምህር፦
ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም መልስ አጥቼለታለሁ። በ1972 አሜሪካና ሶቭየት በባሕር ላይ ስለሚደርስ አደጋ ሞስኮ ላይ ውል ፈርመው ነበር። ውሉ ፍጹም አልነበረም፤ በፌብሩዋሪ 1988 ጥቁር ባሕር ላይ የሶቭየት መርከቦች የአሜሪካዎቹን ዮርክታውንንና ካሮንን ሆን ብለው ገፍተዋቸዋል። ብረት ከብረት ተፋጨ። የተኮሰ ግን አልነበረም።

መርከበኛው፦
እኔም ወደዚያ ነው የምሄደው። ስልክ ሲዘጋም የሚሠራው አዛዥ ለአዛዥ በሬዲዮ የሚነጋገርበት ደንብ ነው። እንዲያውም አለ፤ በኤፕሪል 2014 በቻይናዋ ከተማ ቺንግዳው የጸደቀ፣ ቻይናም አሜሪካም የተቀበሉት። ችግሩ አስገዳጅ አይደለም። የኖርፎኩ ወንድማችን፣ ታናሽህ ሲደውል አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ ከፊታቸው የቻይና መርከብ ሲመጣ በሬዲዮ ይመልሱላቸዋል?

የኖርፎክ ነዋሪ፦
እሁድ ይደውላል። እጠይቀዋለሁ።