ጥቆማ፦ የአሮጌ ደጋን እንጨት የሚለይልኝ (ሜሪላንድና አካባቢው)

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጋራዥ ሴል ላይ አንድ የድሮ የቀስት ደጋን ገዛሁ። ፋይበርግላስ የለውም፣ ሙሉው እንጨት ነው። ቀለሙ የከረመ ማር ይመስላል። ምን እንጨት እንደሆነ ለማወቅ የቀስት ሱቅ ይሻላል ወይስ የድሮ ዕቃ አዳሽ?

አቤል፦ አዳሽ ጋ እንዳትሄድ! የኔን አንዱ «መስመሩን ልየው» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ የፋብሪካውን ጽሑፍ አጠፋው። 60 ዶላር ተቀብሎ «ሜፕል ነው» አለኝ። ሜፕልን እኮ አውቀዋለሁ!

ሶስና፦ 60 ዶላር?! ገንዘቡን አልመለሰም?

አቤል፦ የት አባቱ ይመልሳል።

ሄኖክ፦ ፒያሳ አንድ በገና ሠሪ አለ፣ ወደር የለውም። ዋንዛን ከሌላው አሽትቶ ይለያል። ፎቶ ላክለት።

አቤል፦ ፎቶውን ነው የሚያሸተው?

ሄኖክ፦ አንተ 60 ዶላርህን አልቅስ። እኔ ከሱ ሌላ ሰው አላምንም።

ገሊላ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማህተም ፈልግ። ቤን ፒርሰን፣ ፓይን ብላፍ አርካንሳስ የሚል (የአሜሪካ ደጋን ፋብሪካ ነው) ካለው ሌመንዉድ ወይም ሂኮሪ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሌመንዉድ ያኔ ከኩባ ይመጣ ነበር። ልሙጥ ነው፣ የዕድሜ ቀለበቱ በዓይን አይለይም። የሂኮሪ ግን ይታያል። ጀርባው (ወደ ዒላማው የሚዞረው) ነጣ ብሎ ሆዱ (ወደ ወርዋሪው የሚዞረው) ወደ ብርቱካናማ ቡኒ ከሄደ ዪው ነው። ቢጫነቱ አርጅቶ ቡኒ የሆነ ከመሰለህ ኦሴጅ ኦሬንጅን ጠርጥር። ከማይታይ ቦታ ትንሽ ፍቅፋቂ ውሃ ውስጥ ጣል አድርግ። ኦሴጅ ውሃውን ቢጫ ያደርገዋል፣ የሚመስለው መልቤሪ ግን አያደርገውም። የሐሰት ብር በሚፈተሽበት መብራት ስታየውም ኦሴጅ አረንጓዴ ቢጫ ያበራል። ብላክ ሎከስት የሚባለው እንጨትም እንደዚያው ስለሆነ በመብራቱ ብቻ አትወስን።

ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ያለው የመንግሥት የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ለአሜሪካ ዜጎች በነፃ ሲለይ ኖሯል። አሁን ይቀበሉ እንደሆነ ድረ ገጻቸውን እይ። ቁራጭ ናሙና ግን ይፈልጋሉ። የቀስት ሱቅ ለጅማት ሂድ እንጂ አብዛኞቹ የሚያውቁት አዲሱን ነው።

ዳዊት፦ ይወረውራል ግን?

ገሊላ፦ ለጊዜው ባይሳብ ይሻላል። የደረቀ እንጨት ድንገት ይሰበራል።

ጠያቂው፦ ተባረኪ ገሊላ። ማህተም አላየሁም። መያዣው ላይ የተጠቀለለውን ቆዳ ልፍታው?

አቤል፦ እንዳትነካው! የኔም እንደዚያ ነው የጀመረው።

ሶስና፦ ሄኖክዬ፣ የበገና ሠሪውን ስልክ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ለልጄ ነው።