ፖሊስ ተጠርጣሪን በፊት መለያ ሶፍትዌር ይፈልግ?

መነሻ፦ የዲትሮይት ፖሊስ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አባትን በሚስቱና በሴቶች ልጆቹ ፊት በካቴና አስሮ ወሰደው፤ ባልሰረቃቸው የእጅ ሰዓቶች የተነሳም 30 ሰዓት ገደማ ታሰረ። ምክንያቱ ከሱቅ ካሜራ የተገኘው ደብዛዛ ምስል ከአሮጌ የመንጃ ፈቃድ ፎቶው ጋር ይመሳሰላል ብሎ ሶፍትዌር ማመልከቱ ነበር። ይህ አሠራር ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

የቀድሞ መርማሪ፦ ጥፋቱ የመርማሪዎቹ እንጂ የመሣሪያው አይደለም። ሶፍትዌሩ ጥቆማ ሰጠ፤ ጥቆማውን ማጣራት የእነርሱ ሥራ ነበር። የጠፋ ሕፃን ወይም ነፍሰ ገዳይ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ሰው በዓይኑ አይቶ የማይጨርሰውን ምስል የሚመረምር መሣሪያ መከልከል ተበዳዩን መርሳት ነው።

ጠበቃ፦ ወንድሜ፣ ለተበዳይ መቆርቆርዎን አከብራለሁ። ሆኖም ውጤቱ ጥቆማ ብቻ እንደሆነና ሰው ለመያዝ በቂ ምክንያት እንደማይሆን የሶፍትዌሩን ውጤት በያዘው ሰነድ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ሰውየው ግን ታሰረ። ማጣሪያ የተባለውማ የባሰ ነው፦ ፎቶዎች ተደርድረው እንድትለይ የተጠየቀችው ሴት ስርቆቱን በዓይኗ ያላየች፣ የካሜራውን ቅጂ ብቻ የተመለከተች ነበረች። ሶፍትዌሩ ሌባውን የሚመስሉ ሰዎችን ለይቶ ካወጣ በኋላ፣ ያንኑ ቅጂ ያየ ሰው ከእነርሱ አንዱን ቢጠቁም ስሕተቱ ተደገመ እንጂ ምንም አልተጣራም።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦ ስሕተቱም በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ፊትን አይተው ጾታ የሚለዩ ፕሮግራሞች በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ በነጭ ወንዶች ላይ ግን ከ0.8 በመቶ አላለፉም። ያ ጥናት የጾታ እንጂ የማንነት መለያ አልነበረም። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ማንነት የሚለዩትን ራሳቸውን ፈትሾ፣ ብዙዎቹ የአፍሪካና የእስያ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ከሌላ ሰው ጋር የሚያምታቱት ከነጮች ይልቅ ከ10 እስከ 100 እጥፍ በበለጠ መጠን መሆኑን አረጋግጧል።

የቀድሞ መርማሪ፦ ከዚያ ወዲህ ጥራቱ ተሻሽሏል። ዲትሮይትም እ.ኤ.አ. በ2024 ለሰውየው 300,000 ዶላር ለመክፈልና በሶፍትዌር ውጤት ብቻ ሰው ላለመያዝ ተስማምታለች። ደንብ ሊያርመው የሚችለውን ለምን እንከለክላለን?

ጠበቃ፦ ደንቡ የመጣው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ሶፍትዌሩ ፈጽሞ ባይሳሳት እንኳ፣ ለመንጃ ፈቃድ ፎቶ የሰጠ ሰው ዕድሜ ልኩን በተጠርጣሪዎች መካከል ሊፈለግ አልተስማማም። ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው፤ ፋይዳ መታወቂያ ፊትን፣ የጣት አሻራንና የዓይን አይሪስን ይመዘግባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በዚህ መዝገብ ፊት እንዳይፈልግ በማያሻማ ቃል የሚከለክል ድንጋጌ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

የቀድሞ መርማሪ፦ በፍርድ ቤት ትእዛዙ እስማማለሁ፤ ፈጽሞ ይከልከል በሚለው ግን አሁንም አልስማማም።