አሮጌ ሃርድቶፕ በየቀኑ ለመንዳት፦ ብሩ ቀድሞ የት ይዋል? መለዋወጫውስ ከየት?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1996 ሥሪት ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕ ነው፤ ኤች ዜድ ጄ 75፣ 4.2 ናፍጣ፣ ተርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የለውም፣ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣ። አዘቦት ቀን ከሰሚት ሜክሲኮ ይመላለሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ በዓባይ በረሃ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። ከፍታ መጨመር፣ ተርቦ፣ ኤልኢዲ መብራትና ሰፋ ያለ ጎማ አስቤያለሁ። በምን ልጀምር? ዕቃውን ከሞኤንኮ (ከቶዮታ ወኪሉ)፣ ከመርካቶ ወይስ ከሶማሌ ተራ (ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት) ልግዛ?

ጥቆማ 1

ወንድሜ፣ አራቱም ይቆዩ። ከጨረታ የሚወጣ መኪና ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመ ነው። ሞተሩ ደህና ቢመስልም ላስቲኩ ሁሉ ደርቋል፤ ሲልም (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ቀለበት) የጎማ ቱቦም ቺንጋም።

መጀመሪያ የታይሚንግ ቺንጋውን (ቫልቭና ፒስተን በልክ እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገውን) ቀይር። የዚህ ሞተር ቺንጋ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ከዚያ በኋላ ወጪው የሙሉ ሞተር ወጪ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቺንጋ መብራት 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይበራል፤ ነገር ግን ቺንጋው ሳይቀየርም ማጥፋት ስለሚቻል አለመብራቱን እንደ ማስረጃ አትቁጠረው። የመወጠሪያውን ኩሽኔታና የፊት የዘይት ሲሎችን አብረህ አስቀይር። ሲሉ ዘይት ካፈሰሰ አዲሱንም ቺንጋ ይበላዋል።

ስለ ግዢ፦ ቺንጋ፣ ሲል፣ ቴርሞስታት (የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚቆጣጠር ቫልቭ) እና የራዲያተር ክዳን ከሞኤንኮ ግዛ። ዋጋቸው ከመርካቶው ቢበልጥም አንዱ ሲበላሽ የሚያስከትለው ጉዳት ልዩነቱን በብዙ እጥፍ ያስከፍላል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ ሂድ፤ «የሃርድቶፕ ስጠኝ» ብቻ ካልክ የሌላ ሞዴል ይዘህ ልትመለስ ትችላለህ። መደርደሪያ ላይ የሌለውን አስመጡልኝ ካልክ ግን መጠበቅ አለ፣ ስለዚህ መኪናው ሳይፈታ እዘዝ።

ኩሽኔታ፣ የፍሪሲዮን ዕቃና ክሮቸራ (የካርዳኖ መጋጠሚያ) ከመርካቶ ይሆናል። ኮዮ፣ ኤን ኤስ ኬና ኤን ቲ ኤን ኩሽኔታ ላይ፣ አይሲን ደግሞ ፍሪሲዮን ላይ ጥሩ ስሞች ናቸው። ካርቶኑን ሳይሆን ብረቱን እይ። የእውነተኛው ኩሽኔታ ጽሑፍ ቀለበቱ ላይ ጥርት ብሎ ተቀርጿል፣ በጣት ሲሽከረከርም ያለ መንገጫገጭ ይዞራል። አሮጌውን ይዘህ ሄደህ ጎን ለጎን አስተያይ፣ «ካልገጠመ እመልሳለሁ» የሚለውን ከመክፈልህ በፊት ተስማማ።

ሶማሌ ተራ ለብረት ነው። በር፣ የበር ቁልፍ፣ ፓራውልት፣ ቸርኬ፣ ካርዳኖ፣ የዲፈረንሻል ቤት እዚያ ፈልግ። ያገለገለ ላስቲክ፣ የፍሬን ፖምፓና የፍሪሲዮን ዲስኮ ግን በነጻ ቢሰጡህም አትቀበል።

ጥቆማ 2

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ዓባይን የሚወርድ መኪና ከሆነ ግን እኔ ፍሬኑን ከቺንጋው እኩል ነው የማስቀምጠው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዘይቱ ሲግል ያ ውኃ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። የቀድሞው ዘይት መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ ሙሉውን አስለቅቅ። አንድ ሊትር ዶት 4 በቂ ነው፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ይሁን። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

የኋላ ፍሬን ታምቡሮቹን አስከፍት። የፍሬን ሸራው በዘይት ከረጠበ ሸራ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ዘይቱ የሚመጣው ከአክሰል ሲል ነው፤ ሲሉ ቶሎ ቶሎ የሚበላሽ ከሆነ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ላይ ያለችውን ትንሽዬ መተንፈሻ ፈትተህ ጆሮህ አጠገብ ነቅንቃት። ክዳኗ ውስጥ ኳ ኳ ካላለ በጭቃ ተደፍናለች ማለት ነው። ዘይቱ ሲሞቅ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ ሲያጣ ሲሉን ገፍቶ ይወጣል። በናፍጣ ማጠብ ብቻ ሊበቃት ይችላል።

ስትወርድ ከጫፉ ጀምረህ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ያዝ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ለአጭር ጊዜ ይዘህ ልቀቅ። እግር አሳርፎ መውረድ ነው ሸራውን የሚያቃጥለው።

ጥቆማ 3

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጋራዦች «ቴርሞስታቱ ይውጣ፣ ይቀዘቅዛል» ይላሉ። በዚህ ሞተር ላይ ትልቅ ስሕተት ነው። ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በራዲያተሩ ሳያልፍ ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን ውኃ መንገድ ይዘጋል። እሱ ከወጣ ያ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ የውኃው ከፊል ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ውጤቱ አዲስ አበባ ውስጥ የማይሞቅ፣ ናፍጣ የሚበላ፣ ከዓባይ ወደ ደጀን ሲወጣ ግን የሚግል ሞተር ነው።

የራዲያተር ክዳኑንም አትናቅ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩ ከዚያ በላይ ሙቀት የሚችለው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ካለህ ጤነኛው ሞተር ውኃ ይተፋል፣ ሰው ደግሞ «ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሄዷል» ብሎ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያስወርድሃል። በክዳን ጀምር፣ ከዚያ ወደ ፋኑ እለፍ። ሞተሩ ጠፍቶ ገና ትኩስ እያለ ፋኑን በእጅህ አዙር። ያለ ምንም ተቃውሞ በነጻነት የሚዞር ከሆነ ውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት አልቋል። ራዲያተሩ ውስጥም የቧንቧ ውኃ ብቻ አይግባ፣ ኩላንት ይግባ።

ጥቆማ 4

ጎማ። የፋብሪካው 7.50 አር 16 ዲያሜትሩ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 235/85 አር 16ም 265/75 አር 16ም ከዚህ ጋር በሚሊ ሜትሮች ነው የሚለያዩት፣ ስለዚህ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዛባም። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ምርጫዬ 235/85 ነው፦ ጠባብ ስለሆነ መሪው አይከብድም፣ ናፍጣም ይቆጥባል። 265 ለአሸዋ ይጠቅማል፣ ለሰሚት ሜክሲኮ ግን ጥቅሙ አይታየኝም።

ችግሩ ቸርኬው ነው። ጎማውን የሚይዝ ተነቃይ ቀለበት ያለው ባለ 5.5 ኢንች የፋብሪካ ቸርኬ ለ235 ይጠባል፤ ቢያንስ 6 ኢንች ያስፈልጋል። ሶማሌ ተራ ባለ ስድስት ቡሎን፣ ካመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) የማይፈልግ የብረት ቸርኬ ፈልግ። መጣመሙን ለማወቅ ከመክፈልህ በፊት ጎሚስታ ጋ ባላንስ ማሽን ላይ ይዙር። አሮጌውን ቸርኬ ለመጠባበቂያ ካስቀረኸው ሲነፋ ቀለበቱ በሰንሰለት ይታሰር፣ ፊት ለፊቱም ማንም አይቁም። ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል።

ጎማ ተራ ስትገዛ የጎማው ጎን ላይ ያለውን አራት አሃዝ አንብብ። 2321 ማለት የ2021 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሰባት ስምንት ዓመት መጋዘን የተቀመጠ ጎማ አዲስ አይባልም። ባዶ መኪና ላይ ፊት 35፣ ኋላ 40 ፒ ኤስ አይ ይበቃል፤ ረጅም ኮረኮንች ላይ ወደ 28 አውርደህ ፍጥነትህን ቀንስ።

ጥቆማ 5

ጋራዥን በተመለከተ፦ ትልቅ ጋራዥ ለታይሚንግና ለሞተር ሥራ ይሻላል፣ መፍቻው በልክ የሚያጠብቅ ነው፣ ደረሰኝም ይሰጣል። የፊት አክሰሉን ግን ላንድ ክሩዘር ብቻ ለሚሠራ ትንሽ ጋራዥ ስጥ። ከፊት ጎማው ጀርባ ያለው ድቡልቡል ብረት በቀጭን ዘይት ከራሰ የውስጡ ሲል አልቋል፤ የዲፈረንሻል ዘይት ግራሶውን አጥቧል ማለት ነው። በየጎኑ ላይና ታች ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታ አለ፣ ሲከፈት አራቱም ይቀየሩ።

ጋራዡን መፈተኛ ሁለት ጥያቄ ልስጥህ። አንዱ «54 ሚሊ ሜትር ቁልፍ አላችሁ?» ነው። የጎማውን ኩሽኔታ ዳዶ በመዶሻና በካቻቢቴ የሚመታ ጋራዥ ከሆነ ውጣ። ሁለተኛው «የላይና የታች ኩሽኔታውን ጥብቀት በምን ትለካላችሁ?» ነው። በሚንጠለጠል ሚዛን እየጎተቱ የሚለኩ ከሆነ ሥራውን ያውቃሉ። ይህ ጥብቀት ሲላላ ነው መሪው በ60 እና በ70 ኪሎ ሜትር ላይ የሚንቀጠቀጠው። የመሪ ሾክ አብዞርበር መቀየር ንቅጥቅጡን ለጥቂት ጊዜ ቢሸፍነው ነው።

ከፍታ መጨመርን አልቃወምም፣ ከ5 ሳንቲ ሜትር ግን አይለፍ። ርካሹ መንገድ የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ማስረዘም ነው፣ እሱ ደግሞ የፊት አክሰሉን ስለሚያዞረው መሪው ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። ከፍ ካደረግህ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹ ርዝመት ይታይ። ኋላ አክሰሉ ላይ ጭነት የሚለካው የፍሬን ቫልቭ ካለህ ዘንጉ እንደገና ይስተካከል፤ ካልተስተካከለ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለውና የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል። ምቾት ከፈለግህ ግን የሚበጀው ሌላ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለጭነት የጨመረው የባሌስትራ ቅጠል ካለ ይውጣ፣ ቡሽኖቹ ይቀየሩ፣ ፒኖቹ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ግራሶ ይጠጡ።

ጥያቄ

በጣም አመሰግናለሁ። ተርቦውስ? ደግሞ ሬዲዮውና የስልክ ቻርጀሩ ከተገጠሙ ወዲህ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ብቻ ቶሎ ይደክማል።

ጥቆማ 6

ባትሪውን አስቀድማለሁ። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ከተያያዙ መኪናው 24 ቮልት ነው። ሬዲዮውን የገጠመው ሰው 12 ቮልቱን ከአንዱ ባትሪ ወስዶታል፤ ያ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላል፣ በስተመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ግዛ፣ 20 አምፒር ይበቃል። ባትሪ ሲቀየር ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነትና በአንድ መጠን ይቀየሩ። ሞተሩ ሲሠራ ከ27.6 እስከ 28.8 ቮልት ካላነበብክ ዲናሞውን አሳይ። አምፖልም ኤልኢዲም ስትገዛ 24 መሆኑን አረጋግጥ። ከኤልኢዲው በፊት ግን በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) የሚሠራ አዲስ የመብራት ገመድ ይዘርጋልህ፤ ደካማ የሚመስለው መብራት ብዙ ጊዜ በአሮጌው ሽቦና ማብሪያ ላይ ቮልት እየጠፋበት ነው።

ተርቦ ለዚህ ሥራ አልመክርም። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሞተሩ መድከሙ ተፈጥሮው ነው። ጥቁር ጭስ ካለው መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አስለውጥ፣ ከዚያ ኖዝሎቹና የናፍጣ ፖምፓው በማሽን ይለኩ፤ ለቆላ የተስተካከለ ፖምፓ እዚህ ናፍጣ ያበዛል። የቫልቭ ክፍተቱም ይለካ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ ማስወጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ተርቦ ካልክ የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም አይነካ፣ ግፊቱም ከ0.5 ባር አይለፍ። ይህ ሞተር ናፍጣውን ማቃጠል የሚጀምረው በቅድመ ክፍል (ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል) ስለሆነ ሙቀቱ ሲበዛ ቴስታታው ውስጥ ያሉት ክፍሎች ይሰነጠቃሉ።

የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ስትገዛም ጂ ኤል 4 የሚል ይሁን፤ ጂ ኤል 5 ለዲፈረንሻል ነው።