የዕቅድ ውይይት፦ የገጠር ልጆች መጫወቻዎች ሥራ በፒያሳ ግቢ፣ ረቂቅ ቁጥር 2

ጸሐፊ፦ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የተሰጠውን አስተያየት አስገብቼ መልሼ አምጥቼዋለሁ። ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፦ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 የሆኑ 40 ልጆች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ 4 ቅዳሜዎች፣ ፒያሳ ባለው የማኅበሩ ግቢ። የጨርቅ ኳስ፣ ገበጣ፣ የጭቃ ከብትና የሽቦ መኪና ራሳቸው ይሠራሉ። መዝጊያው የገና ጨዋታ ነው። በየዕቃው ሥር መጠኑንና የሚበላሽበትን ምክንያት ጻፉልኝ፤ ደጋፊዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

የብረትና የእንጨት ሥራ፦ ረቂቁ ላይ 10 ኪሎ ሽቦ ይላል። በዚህስ አጥር ይታጠርበታል! አንድ መኪና 4 ሜትር ገደማ ይፈጃል፦ መሪው እስከ ልጁ ወገብ እንዲደርስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ የመሪው ክብ 50፣ ሁለቱ የጎማ ዘንጎች 20፣ 20፣ ሻንሲው (አካሉና ዘንጎቹ የሚታሰሩበት የታችኛው ፍሬም) 1 ሜትር፣ የተረፈው ለአካሉ። ለሁለት ልጅ አንድ ካልን 20 መኪና ነው፣ 80 ሜትር። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ሽቦ በኪሎ 40 ሜትር ያህል ስለሚወጣው 2 ኪሎ ይበቃል፤ ለብክነት ግማሽ ኪሎ ጨምሩ። ያ የአርማታ ብረት የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ ለመቋጠሪያ ጥሩ ነው፣ ለሻንሲ ግን ይልፈሰፈሳል፤ ልጁ መሪውን ገፋ ሲያደርገው ይታጠፋል። 3 ሚሊ ሲሆን ደግሞ የልጅ እጅ አያጥፈውም።

ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ይቆረጣል። ትንሿን የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሶሉ ላይ ደፍቶ ዙሪያዋን በእስክሪብቶ ማስመር ነው፣ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሰጣለች። የማንገቻውን ሦስት ቀዳዳዎች ስንሸሽ ከአንድ ሶል 4 ጎማ ይወጣል፤ ስለዚህ 10 ጥንድ። ቀዳዳው መሃሉን ከሳተ መኪናው እንደ አንካሳ በቅሎ ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ ክቡን በወረቀት ቆርጦ አራት ማጠፍና እጥፋቱ የሚገናኝበትን ነጥብ ወደ ሶሉ ማሻገር ያስፈልጋል። ምስማሩን አግሎ መብሳት የተለመደ ነው፣ ግን ጭሱ ለልጅ አይሆንም፤ ቀዝቃዛው ምስማርና መዶሻ ይበቃል። ከጎማው ውስጥና ውጭ አንዳንድ ቆርኪ ይገባል፣ ጥርሱ በመዶሻ ተጠፍጥፎ። ሳይጠፈጠፍ ከገባ ሶሉን በልቶ ይጨርሰዋል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው የፊተኛው ዘንግ ላይ ነው። እንደ ኋለኛው ሻንሲው ላይ ጠፍሮ ያስረውና መሪው ቢዞር መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የፊተኛው ዘንግ የሚታሰረው ከመሪው ሽቦ ጋር ነው፤ የመሪው ሽቦ ደግሞ ሻንሲው ላይ በተሠራ ላላ ባለ ቀለበት ውስጥ ያልፋል። የተቆረጠ የሽቦ ጫፍ ሁሉ በፒንሳ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠቀለል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ረቂቁ ላይ በደማቁ ጻፉልኝ፤ የዓይን ነገር ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሽቦውን መርካቶ ካለው ምናለሽ ተራ አሮጌ ብንገዛስ?

የብረትና የእንጨት ሥራ፦ ጣሳና ቆርኪ ከዚያ ይሁን። ሽቦ ግን አዲስ ይገዛ። ታጥፎ የተቃና ሽቦ በዚያው ቦታ ይሰበራል።

የስፌት ክፍል፦ ኳሱን በተመለከተ ካልሲ አትግዙ፣ ከአባላት 50 ይሰብሰብ። ተረከዙ የተቀደደ ችግር የለውም፤ ጣቱ የተቀደደ ግን ይቅር፣ ጨርቁ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ናይለን የቀላቀለው ከጥጡ ይበልጣል፣ አስፋልት ላይ ቶሎ አይበላም። እምብርቱ የተጨማደደ ፌስታል ነው፤ በላዩ ሁለት ጣት ስፋት ያለው የጨርቅ ቁራጭ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ሲባጎ። ሲባጎው በዞረ ቁጥር ኳሱን ሩብ ዙር ማዞር ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ከተጠቀለለ እንቁላል ይሆናል። ካልሲው ውስጥ ከገባ በኋላ አንገቱን ጠምዝዞ መገልበጥ፣ ደግሞ ጠምዝዞ መገልበጥ፣ ካልሲው እስኪያልቅ። ጫፉ አይቋጠርም፣ በመርፌ ተዘርግቶ ይሰፋል፤ ቋጠሮ ያለበት ኳስ መሬት ሲነካ ወዳልታሰበበት ይነጥራል። ጨርቅ ብቻ ከሆነ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ያክላል፤ ፌስታል ብቻ ከሆነ ነፋስ ይወስደዋል።

መምህርት፦ ገበጣ ላይ ችግር አለ። ፒያሳም አራት ኪሎም ንጣፍ ሆኗል፣ ልጆቹ ጉድጓድ የሚቆፍሩበት አፈር ግቢያችን ውስጥም የለም። የእንጨቱ ገበታ ደግሞ ለ40 ልጅ ውድ ነው። የ30 እንቁላል ካርቶን 5 በ6 ነው፤ ሁለት ሁለት ረድፍ ሲቆረጥ ከአንዱ ካርቶን ሁለት ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ወጥቶ አንድ ረድፍ ይተርፋል። 10 ካርቶን፣ 20 ገበጣ። ያልተሠራበት ይገዛ፤ እንቁላል የተሰበረበት ወረቀት አይታጠብም። ቀላል ስለሆነ እየተንሸራተተ ጨዋታ ያፈርሳል፣ ከሥሩ ጣውላ ወይም ወፍራም ካርቶን ይለጠፍበት። በየጉድጓዱ 4፣ በድምሩ 48 ፍሬ። ለ20 ገበጣ 960 ባቄላ ነው፤ በክብደት ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢሆንም አንድ ኪሎ ያዙ፣ መጥፋቱና በኪስ መሄዱ አይቀርም። ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ (ባለሦስት ረድፉም አለ) አንዱን መርጠን በአንድ ገጽ እንጻፈው፤ ካልሆነ ቅዳሜው በክርክር ያልቃል።

ቅልብልቦሽም ይጨመር፣ ወጪ የለውም። ለአንድ ልጅ 5 ጠጠር ብቻ ነው። ከግንባታ ቦታ 01 የሚባለውን የተፈጨ ጠጠር እንዳታመጡ፤ መጠኑ ልክ ነው፣ ጠርዙ ግን የእጅን ጀርባ ይቧጭራል። ወንዝ ያለሰለሰው ይፈለግ።

ሰብሳቢ፦ የጭቃው ከብት ለምን ክረምት አይሆንም? ልጆቹ ያኔ ነው የሚያርፉት።

የሸክላ ሥራ፦ በክረምት ስለማይደርቅ ነው፣ ሰብሳቢያችን። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብቻውን ከተሠራ ይሰነጠቃል። 3 እጅ ዋልካ፣ 1 እጅ አሸዋ፣ በላዩ የደቀቀ የጤፍ ጭድ። ጭቃው ማታ ይቦካና በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይደር። እግሩ አጭርና ወፍራም ይሁን፤ ቀጭን እግር ከሆዱ ቀድሞ ስለሚደርቅ መገጣጠሚያው ላይ ይለቃል። ቀንድ ሁልጊዜ ቀድሞ ይሰበራል፣ ስለዚህ ውስጡ ስንደዶ ይግባበት። ፀሐይ ላይ እንዳይወጣ፣ ከ4 እስከ 5 ቀን ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። በኅዳር ይህ ሁሉ ያለ ችግር ይሆናል።

መምህርት፦ ረቂቁ ላይ እምቧይ በጎማነት ተጽፏል። ይውጣ፤ ፍሬው መርዝ ነው፣ ቢጫ ሆኖ ሲያዩት የሚቀምስ ልጅ አይጠፋም።

የሸክላ ሥራ፦ ያለ እምቧይ የገጠር መጫወቻ ምን ይባላል?

መምህርት፦ እንግዲያው በተከደነ ብልቃጥ ይታይ። አይነካ።

ጸሐፊ፦ በብልቃጥ ብዬ ጻፍኩት። ወንጭፍስ?

ሰብሳቢ፦ ወንጭፍ አይገባም፣ በዙሪያችን መስተዋት ነው። ጅራፍም ቢሆን የቡሄ ነው፣ ለነሐሴ 13 ይቆይ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ትርኢቱን የሚጀምረው ከልጅነት ስለሆነ ከሦስተኛው ቅዳሜ በፊት ጉብኝት ይጨመር፤ ፈቃዱን እኔ እጠይቃለሁ።

የብረትና የእንጨት ሥራ፦ ለገናው 20 በትር። ባሕር ዛፍ በእሳት እየታጠፈ እንዳይሠራ፣ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ተፈጥሮው ቆልመም ያለ የወይራ ቅርንጫፍ ከመከርከም የተረፈ ካለ እሱ ይሁን። ጥንጓ (በበትሩ የምትመታው ኳስ) ከእንጨት ከሆነች በጠባብ ግቢ ጥርስ ታወልቃለች፤ የስፌት ክፍል ጠበቅ ያለች የጨርቅ ኳስ ይስጠን።

የስፌት ክፍል፦ 6 እንሠራለን። ቡጢ የምታክል፣ ሁለት ካልሲ የለበሰች።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲህ የሚገዛው ሽቦ፣ ጣሳና ቆርኪ፣ 10 ካርቶን፣ ባቄላ፣ ሲባጎና መርፌ ብቻ ነው። ፒንሳ ስንት አለን?

የብረትና የእንጨት ሥራ፦ 5፣ አንዱ አፉ አይገጥምም። 6 ተጨማሪ በውሰት ጻፉ፤ ለሁለት መኪና አንድ ካልደረሰ ልጆቹ ሽቦውን በጥርስ ይሞክሩታል።